ከሉሁ መሀል የጠፋው ካርድ

ከሲልቨር ስፕሪንግ ወንዝ ማዶ ባለችው አሌክሳንድሪያ ውስጥ፣ ከወንዙ ብዙ ሳይርቅ፣ አሮጌ የቤዝቦል ካርድ የሚሸጥበት አንድ ጠባብ ሱቅ ነበር። በፈረንጆቹ ሁለት ሺዎቹ አጋማሽ ላይ ገብቼ ስድስት ዓመት ሠራሁበት። አሁን መለስ ብዬ ሳስበው፣ ሥራ የሠራሁ ሳይሆን ረጅም የከሰዓት በኋላ እንቅልፍ የተኛሁ ይመስለኛል። መስኮቱ ወደ ምዕራብ ስለሚያይ ፀሐይ ዘንበል ስትል ብርሃኑ እስከ መጨረሻው መደርደሪያ ይዘልቃል። በብርሃኑ ውስጥ የወረቀት ብናኝ ይንሳፈፋል። ሰው በሩን ሲከፍት ብናኙ ሁሉ ባንዴ ዞሮ ይሸሻል፤ በሩ ሲዘጋ ቀስ እያለ ወደ ቦታው ይመለሳል።

የቤዝቦልን ሕግ እስከ ዛሬ በቅጡ አላውቀውም። ወደዚያ ሱቅ ያስገባኝ ጨዋታው ሳይሆን ወረቀቱ ነው። አዲስ አበባ እያለሁ ለአሥራ አራት ዓመት የማተሚያ ቤት ወረቀት ቆራጭ ነበርኩ። ሲልቨር ስፕሪንግ መጥቼ ከባለቤቴ ጋር ስቀላቀልም መጀመሪያ ያገኘሁት ሥራ የታተመ ነገር ለደንበኞች ማድረስ ነው። አንድ ቀን ለዚያ ሱቅ አንድ ካርቶን በራሪ ወረቀት ይዤ ሄድኩ። ባለሱቋ በእኔ ዕድሜ ያለች፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ መነጽሬ የት ሄደ የምትል ሴት ነበረች። አንድ ካርድ በመስኮቱ ብርሃን እያገላበጠች ስታይ የምትፈርምልኝን ወረቀት ረሳችው። ቆሜ ስጠብቅ እኔም ካርዱን አየሁት። ዝም ማለት አቃተኝና በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ፣ ይህን ካርድ በቅርብ ጊዜ ሰው በምላጭ ነክቶታል አልኳት። አሮጌ ወረቀት ጠርዙም አብሮት ያረጃል። የዚህኛው ሦስቱ ጠርዞች ሻይ የፈሰሰባቸው ይመስል ቡናማ ሆነው አራተኛው ነጭ ነበር። የተጎዳ ጥጉን ለመደበቅ አንድ ሰው ቆርጦታል።

በሳምንቱ የምሠራበት ማተሚያ ቤት ድረስ ኮል አድርጋ አስጠራችኝና ቀጠረችኝ።

እነዚያ ካርዶች በጊዜያቸው ከማስቲካ ጋር ታሽገው ለልጆች የተሸጡ ናቸው። ፊታቸው ላይ የተጫዋቹ ፎቶና ስም አለ፤ ጀርባቸው ላይ የካርዱ ቁጥርና በትንንሽ ፊደል ታሪኩ። ባለሱቋ ሱቁን የወረሰችው ከአባቷ ነው፤ ከሱቁ ጋር ደግሞ አንድ ወፍራም ደብተር ወርሳለች። አባትየው በዘመናቸው በእጃቸው ስላላለፈ ካርድ ቃል አይናገሩም ነበር ይባላል። እጃቸው የነካውን ካርድ ሁሉ፣ ይግዙትም አይግዙትም፣ በደብተሩ ላይ አንድ ጭረት ይጭሩለታል። እሷም ቀጠለችበት። በየዓመቱ ከጭረቶቹ ተነስታ የትኛው ካርድ ብርቅ፣ የትኛው ተራ እንደሆነ የሚናገር ዝርዝር አሳትማ ለሰብሳቢዎች ትልካለች። ዝርዝሩን ብዙ ሰው ያምነው ነበር።

እዚያ መጀመሪያ የተማርኩት ነገር ብርቅና ተፈላጊ አንድ አለመሆናቸውን ነው። የታዋቂውን ተጫዋች ካርድ ልጁ ሁሉ በሳጥን ደብቆ አስቀምጦታል፤ ስለዚህ ተፈላጊ ነው እንጂ ብርቅ አይደለም። ማንም የማያውቀውን ተጫዋች ግን ልጆቹ የቢስክሌታቸው ጎማ ሽቦ መሀል ሰክተው እንደ ሞተር እያንጣጡ ጨርሰውታል። ባለሱቋ ይህን ከነገረችኝ በኋላ ለብዙ ጊዜ ቤልትዌይ በሚሉት ቀለበት መንገድ ላይ ስነዳ ያ ድምፅ በጆሮዬ ይመጣብኝ ነበር። ባልነበርኩበት ሰመር፣ በማላውቀው ሰፈር፣ ማንም የማያስታውሳቸው ሰዎች ፊት በሽቦ መሀል እየዞረ ሲንጣጣ እሰማለሁ።

ሁለተኛውን ነገር ግን እኔ ነኝ ያስተማርኳት። ካርድ አንድ በአንድ አይታተምም። መቶ የሚያህል ካርድ በአንድ ትልቅ ሉህ ላይ ጎን ለጎን ታትሞ ነው በኋላ የሚቆረጠው። እንግዲህ በአንድ ሉህ ላይ የነበሩ ካርዶች ሲወለዱ እኩል ናቸው። አንዱ ሉሁ ላይ ሁለቴ ካልገባ፣ ወይም ዳር ላይ ሆኖ ማሽኑ ካላበላሸው በቀር፣ ጎረቤቶቹ ስልሳ ስልሳ ጭረት ኖሯቸው እሱ አራት የሚኖረው በምን ምክንያት ነው? ስለዚህ የአንዱን ብርቅነት ለመፍረድ ጎረቤቶቹን ማወቅ ያስፈልጋል። ሉሁ ግን ከተቆረጠ ሃምሳ ዓመት አልፎታል።

ደግነቱ ቆራጭ ይሳሳታል። እኔም ስንት ጊዜ ተሳስቻለሁ። ወረቀቱ ትንሽ ፈቀቅ ካለ ካርዱ ጠርዝ ላይ የጎረቤቱ ቅንጣቢ ይቀራል፤ የሰው ትከሻ፣ የኮፍያ ጫፍ፣ አንዳንዴ የክር ያህል የቀጠነ ቢጫ ቀለም ብቻ። ባለሱቋ እንዲህ ያሉትን እንደ ብልሽት ቆጥራ በአንድ ካርቶን አጭቃቸው ነበር። እኔ ግን ካርቶኑን ስከፍተው ልቤ ዘለለ። ገበያ በቀዘቀዘበት በአንድ ዊንተር ወለሉ ላይ ተንበርክኬ የአንዱን ዓመት ሉህ መልሼ መግጠም ጀመርኩ። ይህ ትከሻ የማን ነው? ይህ ቢጫ ከማን ጀርባ የመጣ ነው? ቀን በቀን፣ ፀሐይዋ ከመደርደሪያ ወደ መደርደሪያ ስትሄድ፣ የሌለ ወረቀት ከእንጨቱ ወለል ውስጥ እየወጣ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር። ባለሱቋ እንዳትረግጠው በግድግዳው ጥግ ጥግ ትሄዳለች። ደንበኛ ሲመጣም ዝም ብላ በጣቷ ታሳየዋለች፤ እሱም ዝም ብሎ በግድግዳው ጥግ ይሄዳል።

ሉሁን የጀመርነው ለአንድ ካርድ ብለን ነው። ደብተሩ ውስጥ አራት ጭረት ብቻ ያለው፣ አንድ ሰመርና ትንሽ ብቻ የተጫወተ ሰው ካርድ። አባትየው ይህን ካርድ ሲፈልጉ ነው የሞቱት። አራቱንም ለደንበኛ ሸጠዋቸው ስለነበር ሱቁ ውስጥ አንድም አልቀረም፤ እሷ ራሷ አይታው አታውቅም። ባለሱቋ ይህ ካርድ በሉሁ ዳር እንደነበረ፣ ማሽን እንዳበላሸው ትገምት ነበር። ሉሁ ሊሞላ ሲል ግን የካርዱ ባዶ ቦታ ከመሀል ሆኖ ተገኘ። በአራቱም ጎን ያሉት ጎረቤቶቹ ተራ ካርዶች ናቸው።

"ማሽኑ አላበላሸውም" አልኳት። "ሰው ነው የሰበሰበው።"

ሳቀች። ማንም የማያስታውሰውን ሰው ማን ይሰበስባል አለችኝ። እኔም ወደ ወለሉ ተመለስኩ።

አንድ ወር ያህል ቆይቶ፣ ሰማዩ እንደ እርጥብ ጥጥ ዝቅ ባለበት ቀን፣ አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን ተደግፈው ገቡ። ቁመታቸው እስከ በሩ ጉበን ይደርሳል። ኮፍያቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ አድርገው ያንኑ ካርድ በቁጥሩ ጠሩና አላችሁ ወይ ብለው ጠየቁ። ባለሱቋ፣ እኛም ስንፈልገው ዓመታት እንደሆነን፣ አንድም እንደሌለን ነገረቻቸው። ካርድ የሚፈልግ ሰው የለም ሲባል ፊቱ ይወድቃል። የእሳቸው ፊት ግን በራ። ፈገግ ብለው አመሰገኑ። ባለሱቋ ሌላ ደንበኛ ስትቀበል ስለነበር አላየቻቸውም፤ እኔ አየኋቸው።

ሊወጡ ሲሉ በረዶው ጀመረ። ትልልቅ፣ የማይቸኩል በረዶ ነበር። ባለሱቋ ወዴት እንደሚሄዱ ጠየቀቻቸውና ታኮማ ፓርክ ሲሉ ወደ እኔ ዞረች። ለእኔ መንገዴ ነው። በጊዜ ዘግተን በመኪናዬ ይዣቸው ወጣሁ።

ድልድዩ ላይ ስንደርስ ወንዙ አይታይም፤ ከላይም ከታችም ነጭ ነው። መኪኖቹ ድምፅ የላቸውም። በደመና መሀል የምንጓዝ መሰለኝ። እሳቸው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ስለ ሥራዬ ጠየቁኝ፤ እኔም ስለ ወረቀትና ስለ ሉህ አወራኋቸው፤ ከመሀል የጠፋውን ካርድም ነገርኳቸው። ማሽን ሳይሆን ሰው ነው የሰበሰበው ብዬ እንደማምን ስነግራቸው ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። ቤታቸው በር ላይ ስንደርስ፣ ግባና ሻይ ጠጣ፣ የማሳይህ ነገር አለ አሉኝ።

አፓርታማቸው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ንጹሕና ጸጥ ያለ። ሻይ ከሰጡኝ በኋላ የአንድ ኮመዲኖ መሳቢያ ሳቡ። በመሳቢያው ሙሉ፣ በረድፍ በረድፍ፣ ያ ካርድ ነበር። ያው ፊት፣ ያው ቀይ ኮፍያ፣ ያው የጠዋት ሰማይ። ስንት ይሆናል? ሦስት መቶ ምናምን እንደሆነ በኋላ ነው ያወቅነው። አንዱን አንስቼ ከጀርባው ቁጥሩን አየሁ፤ ከዚያ ጠርዙን፤ ከዚያ ፊቱን፤ ከዚያ ስሙን። ስሙ በራቸው ላይ የተለጠፈው ስም ነው።

"እርስዎ ነዎት?" አልኳቸው።

"ስሙ እኔ ነኝ" አሉ። "ፊቱ የእኔ አይደለም።"

ቁጭ ብለው ነገሩኝ። ወጣት ሳሉ በልምምድ ሰሞን አንድ ክፍል የሚጋሩት ጓደኛ ነበራቸው። ፎቶ አንሺው የመጣው በብርድ ጠዋት ነው። ጓደኛየው ጃኬቱን ረስቶ ስለነበር እሳቸው የራሳቸውን፣ ቁጥራቸው ያለበትን ጃኬት አውሰውት ወደ ውስጥ ገቡ። ፎቶ አንሺው ቁጥሩን አይቶ አነሳው። ካርዱ ሲወጣ የእሳቸው ስም ከጓደኛቸው ፊት ጋር ሆነ። ቡድኑ በሙሉ ሳቀ። ከሁሉም በላይ የሳቀው ጓደኛየው ነው፤ ካርዱን ለማግኘት ሱቅ እየሄደ እስኪያመው ድረስ ማስቲካ ገዝቶ አኘከ። እሱ ወደ ዋናው ቡድን ሳይገባ ወደ ቤቱ ተመለሰ፣ በሦስተኛው ዓመት ታሞ ሞተ። በስሙ የወጣ ካርድ የለም።

"መጀመሪያ ለእናቱ ብዬ ነበር የምፈልገው" አሉ። "ጥቂት አገኘሁና ወሰድኩላት። እሷም ካርዶቹን ይዛ ከተቀበረች በኋላ ማቆም ነበረብኝ። ግን ባየሁት ቁጥር፣ ከሌላ ሰው ስም በላይ ቁጭ ብሎ ሳየው፣ እዚያ ትቼው መሄድ አልቻልኩም።"

ሃምሳ ዓመት ሙሉ በሄዱበት ከተማ ሁሉ፣ በየሱቁ፣ ሰው አሮጌ ዕቃውን በሚሸጥበት ጓሮ ሁሉ እየገዙ ሰብስበውታል። የአሌክሳንድሪያውንም ሱቅ በአባትየው ዘመን በዓመት አንዴ በስልክ ይጠይቁ ነበር። የአባትየውን አራት ካርዶች የገዙት እሳቸው ናቸው።

ባለሱቋ የዚያን ዓመት ዝርዝር ልታሳትም ሦስት ሳምንት ቀርቷት ነበር። ካርዱን እንደ ወትሮው ከሁሉ በላይ ብርቅ ብላ ጽፋዋለች፤ ሉሁን ስለ መግጠማችንም አንድ ገጽ ጨምራለች፤ ስሜንም ከሥሩ አስገብታልኛለች። ሰውየው ለማንም አትንገር አላሉኝም። ንገርም አላሉኝም። በየቀኑ ሱቁ ውስጥ ከወለሉ ባዶ ቦታ አጠገብ እየሠራሁ አፌን ዘግቼ ዋልኩ። ባለሱቋ ያመመኝ መስሏት ሻይ ታፈላልኝ ጀመር፤ ያ ደግሞ ይብስ አስጨነቀኝ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነገሩን ለባለቤቴ አወራኋት። ልብስ እያጠፈች ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ። ለባለሱቋ ብነግራት የሰውየውን ምሥጢር እንደማወጣ፣ ባልነግራት ደግሞ ዓይኗ እያየ እንደማታልላት ገለጽኩላት።

"እኔን ምን ትጠይቀኛለህ?" አለችኝ። "እሳቸውን ጠይቃቸው እንጂ።"

ይህን ያህል ቀላል ነበር። በዚያው ቀን ታኮማ ፓርክ ሄድኩ። ሽማግሌው በሩን ሲከፍቱልኝ እየጠበቁኝ የነበሩ ይመስላሉ። ዝርዝሩ ሊወጣ እንደሆነ፣ ካርዱ ብርቅ ተብሎ እንደተጻፈ፣ ከወጣ በኋላም ሰው ሁሉ ከበፊቱ ይበልጥ እንደሚፈልገው ነገርኳቸው። ስንት ሰው እንደሚያነበው ጠየቁኝ። ብዙ ነው አልኳቸው፣ በየስቴቱ። ወደ መስኮቱ ዞረው ቆዩ። ውጪ በረዶው እየቀለጠ ከጣሪያው ይንጠባጠባል።

"እኔ እኮ ከሰው ዓይን ሰበሰብኩት" አሉ በመጨረሻ። "ሰው እንዲያየው አላደረግኩም። ይጻፉት። ግን ማን እንደሆነ አብረው ይጻፉ።"

ሰኞ ዕለት ይዣቸው መጣሁ። ካርዶቹ በአንዲት ትንሽ ሻንጣ ውስጥ ናቸው። ባለሱቋ ሻንጣውን ከፍታ ስታይ መነጽሯን ከግንባሯ አውርዳ አደረገች፣ ከዚያ መልሳ አወለቀች። አባቴ ይህን ሳያይ ሞተ አለች። ሽማግሌው ይቅርታ ሊጠይቋት ሲጀምሩ ወንበር ሳበችላቸው። ደብተሩን አወጣች።

የአባቷ ሕግ እጅ የነካው ካርድ አንድ ጭረት እንዲያገኝ ነው። ስለዚህ ሁሉንም አንድ በአንድ በእጃችን አሳለፍናቸው። ሽማግሌው ከሻንጣው አንስተው ለእኔ ይሰጡኛል፤ እኔ አራቱን ጠርዞች አይቼ ለእሷ አሳልፋለሁ፤ እሷ ትጭራለች። ወጣቱ ሰውዬ በተውሶ ጃኬቱ፣ ዓይኑን ለፀሐዩ አጥብቦ፣ ከእጅ ወደ እጅ እየሄደ ፈገግ ይልብናል። አንዱ ላይ የልጅ እርሳስ ጭረት አለ፤ አንዱ ውሃ ነክቶታል፤ አንዱ ላይ አሁንም የማስቲካው ዱቄት ያለ መሰለኝ። ፀሐይዋ ወርዳ ጠረጴዛውን፣ ከዚያ እጆቻችንን፣ ከዚያ ግድግዳውን ነካች። ስንት ሰዓት እንደሄደ አላውቅም። አልቆ ስንቆጥረው ያ ብርቅ ካርድ ከሉሁ ሁሉ ብዙ ጭረት ያለው ሆነ። ከወለሉ ላይ ያለውን ባዶ ቦታ ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ራሳቸው ሞሉት።

ባለሱቋ ያንን ዓመት ዝርዝሩን ዘግይታ አወጣችው። ብርቅ የሚለውን ሰርዛ፣ ካርዱ ከጎረቤቶቹ እኩል እንደታተመ፣ ከሃምሳ ዓመት ወዲህ ግን በአንድ ሰው እጅ እንደኖረ ጻፈች። ከሥሩ ፊቱ የማን እንደሆነ፣ የጓደኛየውን ሙሉ ስምና የት ተወልዶ እንዳደገ አሰፈረች። አንዳንድ ሰብሳቢዎች ተናደው ደብዳቤ ጻፉላት፤ ብርቅ ነው ያልሽውን አምነን ስንት ዓመት ፈለግነው አሏት። ለሁሉም መልስ ጻፈች። ተሳስቼ ነበር ማለት አላስቸገራትም፤ እኔ ግን ለሷ ፈርቼ ነበር።

ሌሎቹ ደግሞ ካርዱን ለማየት ይመጡ ጀመር። ሽማግሌው በፈቀዱት መሠረት ከካርዶቹ ጥቂቱን ሱቁ ውስጥ አስቀመጥናቸው። ባለሱቋ ለእያንዳንዱ የሰውየው እውነተኛ ስም የተጻፈበት ቀጭን ወረቀት አሳትማ ከጎኑ አደረገችለት። ወረቀቱን የቆረጥኩት እኔ ነኝ።

በመጋቢት ገደማ አንዲት ሴት ከሀያትስቪል ደወለች። ባሏ ከሥራ ጓደኛው ዝርዝሩን አይቶ ስሙን አነበበላት። የእናቷ ወንድም ስም ነው። የተናገረችበት ድምፅ ልቧን ስለነካው ባለሱቋ ስልኩን ለእኔ ሰጥታ ወደ ጓዳ ገባች። ሴትየዋ በማግስቱ መጣች። አርባ ዓመት ያለፋት፣ የሆስፒታል ዩኒፎርም የለበሰች ሴት ነች። ካርዱን በሁለት እጇ ይዛ ቆመች።

"እናቴ፣ ወንድሜ ኳስ ተጫዋች ነበር ስትለን አናምናትም ነበር" አለች። "ፎቶ አልነበራትም።"

ሽማግሌውን አምጥቼ ስለነበር ከኋላዋ ተቀምጠው ይሰሟታል። ተነስተው ስማቸውን ሲነግሯት ካርዱን አየች፣ እሳቸውን አየች፤ ከዚያ አቀፈቻቸው። ሻንጣውን እንዳለ ሊሰጧት ፈለጉ። እሷ ግን ዘመዶቿን በጣቷ እየቆጠረች ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ብቻ ወሰደች፤ ሌላውን ለሰው ይስጡት አለቻቸው።

ከዚያ በኋላ በየእሑዱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መጥታ ወደ ሀያትስቪል ትወስዳቸው ነበር። አንድ እሑድ እኔንና ባለቤቴንም ጋበዘችን። ቤቱ በዘመድ ሙሉ ነው። ምሳ ከተበላ በኋላ ከወንድሞቿ አንዱ፣ አጎታችን ኳሱን በዱላው ሲመታ እንዴት ነበር የሚቆመው ብሎ ጠየቃቸው። ሽማግሌው ብድግ አሉ። ከዚያ ከወጥ ቤት መጥረጊያ እንዲያመጡላቸው ጠየቁ፣ ዘንጉን በሁለት እጃቸው ያዙ፣ ከምንጣፉ መሀል ቆሙ። የግራ እግራቸውን ትንሽ ወደ ውስጥ አዞሩ፣ ክርናቸውን ከፍ አደረጉ፣ አገጫቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉ። የእሳቸው አቋቋም እንዳልሆነ ስለ ጨዋታው ምንም ለማላውቀው ለእኔ እንኳን ታወቀኝ። ሴትየዋ ተነስታ፣ እጃቸው እንዳይዝል፣ ክርናቸውን ከሥር ደገፍ አደረገችላቸው፤ እሳቸውም አላወረዱትም።